የአይጥ አጥንት ምን ያረዝመዋል? ስለ ግሮውዝ ፕሌትና ስለ ማትሪክስ ፕሮቲኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከክፍልም ከክፍል ውጪም የመጡ ናቸው። ግማሹን የጠየቁኝ ተማሪዎች ናቸው፣ ሌላውን ወላጆች፣ ሁለት ሦስቱን ደግሞ ጎረቤቶቼ ቡና ላይ። ጥያቄዎቹን እንደተጠየቅኩት ትቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሮውዝ ፕሌት የሚባለው ነገር የቱ ጋ ነው?

ለፋሲካ ጠቦት ያረደ ሰው አይቶታል፤ ስሙን አልሰማም እንጂ። ባለፈው ፋሲካ እኛ ቤት በጉን የገፈፈልን ሰውዬ የፊት እግሩን ያዘና ከሰኮናው በላይ ካለው መገጣጠሚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን በቢላ ጫር ጫር አደረገው። ከዚያ ጠምዘዝ። ቀጭ አለ። የተላቀቀው መገጣጠሚያው መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው አጥንቱ ራሱ ነው የለቀቀው። ግን እንደ ተሰበረ አጥንት ስንጥር የለውም። ፊቱ እርጥብ ነው፣ ቀላ ያለ ነው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። «ያረጀ በግ ቢሆን እዚህ ጋ እሺ አይልም» አለኝ ሰውዬው። ልክ ነው። ያ የለቀቀው ቦታ ግሮውዝ ፕሌት ነው። እንስሳው ሲያረጅ ወደ አጥንትነት ተለውጦ ይዘጋል።

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ የኋላ እግሩን ቅልጥም በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ሾርባው ዘገየ ተብሎ ተወርቶብኛል። ከጉልበቱ ስር ትንሽ ገባ ብሎ፣ አጥንቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ። ረጅም አጥንት ቁመት የሚጨምረው በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ አይረዝምም።

መስመሩ የተሠራው ሐኪሞች ካርቲሌጅ ከሚሉት ነገር ነው። ሥጋ ስንበላ ጥርስ ላይ ቀርጨጭ የሚለው፣ አጥንትም ሥጋም ያልሆነው፣ እሱ ነው። ጆሯችሁን እጠፉት፤ የሚታጠፈው ካርቲሌጅ ነው።

ለምን አይጥ? የአይጥ አጥንት ከሰው ጋር ምን አገናኘው?

መጀመሪያ የትኛዋ አይጥ እንደሆነች እንግባባ። በአማርኛ «አይጥ» ስንል ትንሿንም ትልቁንም ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ትንሿ የቤት አይጥ ነው፣ ጎተራ ስለሚያራቁተው ትልቁ አይደለም።

ትንሿ አይጥ 20 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች። የአጥንቷ አስተዳደግ ከእኛ ጋር በዋናው ነገር አንድ ነው፤ ፕሮቲኖቹም ያው ናቸው። ትልቁ ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። አንድን ጂን ብቻ መርጦ ማጥፋትና ምን እንደሚጎድል ማየት ይቻላል። ይህን ዘዴ ያስገኙት ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዝስ በ2007 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በሰው ላይ እንዲህ አይደረግም። አይጧ ባትኖር ከታች የምነግራችሁን አብዛኛውን አናውቀውም ነበር።

ሴሎቹ እንዴት ነው የሚደረደሩት?

ሞሰብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። አሁን እንደዚያ ያሉ ብዙ ድርድሮች ጎን ለጎን ይቁሙ። ግሮውዝ ፕሌት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደዚያ ነው።

ከላይ፣ ወደ መገጣጠሚያው በኩል፣ ክብ ክብ ያሉ ሴሎች አልፎ አልፎ ተቀምጠዋል። እነዚህ ተጠባባቂ ናቸው። ከእነሱ በታች ያሉት ጠፍጣፎች ናቸው፤ እንጀራዎቹ እነሱ ናቸው። ይራባሉ፣ ድርድሩም ይረዝማል። ወደ ታች ስንወርድ ሴሎቹ ማበጥ ይጀምራሉ። ባቄላ ለበቆልት ስትዘፈዝፉ ማታ ያስቀመጣችሁት ጠዋት ዕቃውን ሞልቶ አታገኙትም? ሴሎቹም እንደዚያ ነው የሚያብጡት፣ 10 እጥፍ ገደማ። አጥንቱን የሚያረዝመው በአብዛኛው ይህ እብጠት ነው። ተማሪዎቼ «መራባቱ ነው» ይላሉ፤ መራባቱ ያግዛል፣ ዋናውን ግፊት የሚሰጠው ግን ማበጡ ነው። ካበጡ በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ የደም ሥር ይገባል፣ በቦታቸው አጥንት ይሠራል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ጠፍጣፋው ሴል ለሁለት ሲከፈል ልጆቹ ጎን ለጎን ነው የሚወለዱት። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ አይደለም። ከዚያ ቀስ እያሉ ይንሸራተቱና አንዱ ከሌላው ስር ይገባል። ለመንሸራተት ደግሞ የሚይዙት ነገር ያስፈልጋል። ወደ ማትሪክስ የሚወስደን ይኼ ነው።

ማትሪክስ ምንድነው? ሴል ካልሆነ ለምን ትኩረት ይሰጠዋል?

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሞጣም ሂዱ ዳንግላ፣ ቤቱ አንድ ነው። እንጨት ይቆማል፣ ማገር በአግድም ይሄዳል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ከዚያ ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ማንም ሰው «ጭቃው ክፍተት መሙያ ነው» አይልም። ጭቃው ካልተቦካ፣ ልጡ ከላላ ቤቱ ይዘማል።

ማትሪክስ በካርቲሌጅ ሴሎች መካከል ያለው ግድግዳ ነው። ሴሎቹ ራሳቸው ሠርተው ወደ ውጪ ያወጡታል፣ ከዚያ ውስጡ ይኖራሉ። ማገሩ ኮላጅን 2 ነው። ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠሩት ጠንካራ ፕሮቲን። ኮላጅን 11 ከውስጥ ሆኖ የማገሩን ውፍረት ይወስናል። ኮላጅን 9 በማገሩ ላይ ተለጥፎ ከሌላው ጋር ያገናኘዋል።

ጭቃው አግሪካን ነው። ይህ ግዙፍ ሞለኪውል ነው። ከመሃሉ ግንድ ወደ 100 የሚጠጉ የስኳር ሰንሰለቶች እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጸጉር ይወጣሉ። ሰንሰለቶቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ውኃ ይስባሉ። ካርቲሌጅ ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ የሆነው በዚህ ነው። ጉልበታችሁ ስትዘሉ የማይፈርሰውም ይኼ ውኃ ስለሚሸከመው ነው። አግሪካን ብቻውን አይቆምም፤ ሃያሉሮናን በሚባል ረጅም ክር ላይ ይንጠለጠላል። እንዳይወድቅ የሚያስረው ደግሞ ሊንክ ፕሮቲን ነው።

ልጡስ? ኮምፕ፣ ማትሪሊን እና ሌሎችም አሉ። ኮምፕ አምስት ክንድ አለው፣ ክንዶቹ አንድ ጫፍ ላይ ተያይዘዋል፣ እንደ እጅ ጣት። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይጨብጣል።

አንዱ ፕሮቲን ቢጎድል ምን ይሆናል?

እንደ ፕሮቲኑ ነው። ማገሩን ካነሳችሁ ቤት የለም። ኮላጅን 2 ጨርሶ የሌላት አይጥ በ1995 ተሠርታ ነበር። ግሮውዝ ፕሌት የላትም። የእግርና የእጅ ረጃጅም አጥንቶቿ እንደሚገባ አልተሠሩም። የራስ ቅሏ ጠፍጣፋ አጥንቶች ግን ተሠርተዋል፤ እነሱ በካርቲሌጅ አልፈው ስለማይመጡ። ስትወለድ ትሞታለች።

ጭቃውን ስታነሱ የሚሆነው የበለጠ ያስደንቀኛል። ሲኤምዲ የሚባል የአይጥ ዘር አለ፤ ማንም ሆን ብሎ አላበላሸውም፣ በተፈጥሮ የመጣ ለውጥ ነው። ምክንያቱ በ1994 ተገኘ። በአግሪካን ጂን ላይ 7 የዲኤንኤ ፊደል ጎድሏል። ሰባት ብቻ! ጂኑ ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ቅጂ ይመጣል፤ ሁለቱም ቅጂ የተበላሸባት ግልገል እግሯ አጭር ነው፣ ላንቃዋ ስንጥቅ ነው፣ መተንፈስ አቅቷት ወዲያው ትሞታለች። ካርቲሌጇን በማይክሮስኮፕ ስታዩት ሴሎቹ ገበያ ቀን እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተጠጋግተው ታጭቀዋል። ድርድር የለም። ሴሎቹ አሉ፣ ሥራቸውንም ሊሠሩ ይሞክራሉ፤ የሚያራርቃቸው ጭቃ ግን የለም።

አንድ ቅጂ ብቻ የተበላሸባትስ? ስትወለድ ደህና ናት። ቆይታ ትንሽ ድንክ ትሆናለች፣ ስታረጅ ጀርባዋ ይጎዳል።

ይህን ለአንድ ከብት አርቢ ስነግራቸው «ላም ላይስ የለም?» አሉኝ። አለ። የእኛ አገር ላሞች ላይ አይደለም፣ ዴክስተር በሚባል የአየርላንድ ዝርያ ላይ ነው። አንድ ቅጂ የተበላሸበት ከብት አጠር ያለ ይሆናል። ሁለቱም ከተበላሸ ጥጃው በጣም አጭር እግርና የተጨፈለቀ ፊት ይዞ ከመወለዱ በፊት ይሞታል። ጂኑ ያው አግሪካን ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኮላጅን 11 የተበላሸባት አይጥ ማገሮቿ ከልክ በላይ ይወፍራሉ፣ ሴሎቿም አይደረደሩም። ፐርሌካን የሚባለው ፕሮቲን የሌላት ብዙ ጊዜ በማህፀን ትሞታለች፤ እስከ ልደት የደረሰችው ድርድሯ የተበታተነ ነው። ሊንክ ፕሮቲን የሌላትም ድንክ ሆና አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደች በኋላ ትሞታለች።

ሴሎቹ ማትሪክሱን በምን ይይዙታል?

ኢንተግሪን በሚባል እጅ። ይህ ፕሮቲን በሴሉ ቆዳ ላይ ይቀመጥና በውጪ በኩል ኮላጅንን ይጨብጣል። በ2003 በካርቲሌጅ ሴሎች ላይ ብቻ ቤታ 1 ኢንተግሪን የጠፋባቸው አይጦች ታዩ። ማትሪክሱ በቦታው አለ። ሴሎቹ ግን ክብ ሆነው ቀሩ፤ ጠፍጣፋ አልሆኑም፣ አልተንሸራተቱም፣ አልተደረደሩም። አንዳንዱ ሴል መከፈል አቅቶት ሁለት ኒውክለስ ይዞ ተገኘ። ጎን ለጎን የተወለዱት ልጆች አንዱ ከሌላው ስር ለመግባት የሚይዙት ያስፈልጋል ያልኳችሁ ትዝ ይላችኋል? ማረጋገጫው ይኼ ነው። የምወደውም ሙከራ ይኼ ነው።

ቢጠፋም ምንም የማይሆንበት ፕሮቲን አለ እንዴ?

አለ፣ ብዙ ሰውም ግራ ያጋባል። ኮምፕ የሌላት አይጥ በ2002 ተሠራች፤ አጥንቷም ግሮውዝ ፕሌቷም ደህና ነበሩ። ማትሪሊን 1 ወይም ማትሪሊን 3 የሌላትም እንደዚሁ። ኮላጅን 9 የሌላት በ1994 ስትታይ ደህና መስላ ነበር፤ የጎዳት ስታረጅ የመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። በኋላ ግን ሰዎች አዲስ የተወለዱትን በደንብ አዩና ግሮውዝ ፕሌቱ ውስጥ ሴል የሳሳበት ቦታ፣ ድርድር የተዛባበት ቦታ አገኙ። መጀመሪያም ነበረ፤ ጠጋ ብሎ ያየ ነው የጠፋው።

ምክንያቱ መተካካት ነው። አንድ ልጥ ቢበጠስ ጎኑ ያሉት ይሸከሙታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለት ሦስቱን አብረው ማጥፋት ጀመሩ። እንደ ኮምፕና ኮላጅን 9 ያሉት አብረው ሲጠፉ አንዱ ብቻ ሲጠፋ ያልታየ መዛባት ብቅ ይላል።

ኮምፕ ቢጠፋ ምንም ካልሆነ ሰው ላይ እንዴት ድንክነት ያመጣል?

ጎበዝ ጥያቄ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት የጠየቀችኝ፣ መልሱን እስከ ማግስቱ አዘግይቼባታለሁ።

ሱዶአኮንድሮፕላዢያ የሚባል በሽታ አለ። ልጁ ሲወለድ ቁመቱ ደህና ነው። መራመድ ከጀመረ በኋላ፣ 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እንደ ዳክዬ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲሄድ ይታያል። ከዚያ እድገቱ ይቀንሳል። መንስኤው በ1995 ታወቀ፤ የኮምፕ ጂን ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አይጧ ኮምፕ የላትም። ልጁ ግን አለው፣ የተበላሸ ኮምፕ። የተበላሸው ፕሮቲን በትክክል አይታጠፍም። ስለዚህ ሴሉ ወደ ውጪ ሊያወጣው አይችልም፣ ውስጥ ይከማቻል። ብቻውን ቢሆን ጥሩ ነበር። ኮላጅን 9ን እና ማትሪሊን 3ን ይዞ ነው የሚቀረው። ልጡ የተበላሸበት አናጺ ደህናውን ልጥም ማገሩንም ጓሮው ውስጥ ቆልፎ እንደያዘ አድርጋችሁ አስቡት። ግድግዳው ሳስቶ ይቀራል፣ ጓሮውም ይሞላል። ሴሉ ይታመማል፣ ቶሎ ይሞታል፣ ድርድሩ ያልቃል።

ይህን ለማየት የተበላሸውን የሰው ኮምፕ የምትሠራ አይጥ ተዘጋጅታለች። የሚገርመው፣ ጂኑ የሚነቃው ዶክሲሳይክሊን ስትወስድ ብቻ ነው፤ ከፋርማሲ የምናውቀው ያው ካፕሱል። መድኃኒቱ ሲሰጣት ሴሎቿ በፕሮቲን ይሞላሉ፣ ይሞታሉ፣ አጥንቷም ያጥራል።

ስለዚህ «ፕሮቲኑ ይጉደል ወይስ ይበላሽ?» ብትሉኝ፣ ለኮምፕ መጉደሉን እመርጣለሁ። ለአግሪካን ግን ሁለቱንም አልመርጥም።

ድንክነት ሁሉ በማትሪክስ ፕሮቲን ነው?

አይደለም። በጣም የተለመደው አኮንድሮፕላዢያ ነው፤ እሱ ኤፍጂኤፍአር 3 በሚባል ተቀባይ ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። ተቀባዩ ለሴሎቹ «ረጋ በሉ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ለውጡ ሲመጣ ምልክቱ ይበዛል። ተቀባዩ የጠፋባቸው አይጦች አጥንታቸው ረዝሟል። ለዚህ በሽታ ቮሶሪታይድ የሚባል በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በ2021 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል።

የቅልጥም ሾርባ ወይም የኮላጅን ዱቄት ልጄን ያስረዝማል?

አያስረዝምም። ኮላጅኑ ሆድ ውስጥ ይፈጫል፣ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን። ጉልበት ላይ ሄዶ አይለጠፍም። ሾርባው ይጣፍጣል፣ ጠጡት። ለዱቄቱ የምታወጡትን ብር ግን እንቁላልና ሽሮ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ቫይታሚን ሲ ግን ሌላ ነው። ኮላጅን በደንብ እንዲገመድ ያስፈልጋል። አይጥ በጉበቷ ራሷ ትሠራዋለች። እኛ አንሠራም፤ ከቃሪያ፣ ከብርቱካን፣ ከማንጎ ነው የምናገኘው።

የሕፃናት እግር መወልገድስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሪኬትስን፣ ማለትም የልጆች አጥንት የሚለሰልስበትን በሽታ ከሆነ፣ አዎ፣ ቦታው ያው ግሮውዝ ፕሌት ነው። ጥፋቱ ግን የፕሮቲኖቹ አይደለም። ያበጡት ሴሎች በጊዜያቸው እንዲሞቱ በቂ ፎስፌት ያስፈልጋል፤ እሱን ከምግብ እንድንወስድ የሚረዳን ቫይታሚን ዲ ነው። ፎስፌቱ ከሌለ ሳይሞቱ ይከማቻሉ፣ ፕሌቱ ይወፍራል፣ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ እግር ይወለግዳል። የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ካልሲየምና ፎስፌት የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው ግሮውዝ ፕሌታቸው ደህና ሆኗል።

በቾቄ ዙሪያ ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ሕፃን ከብርድም ከሰው ዓይንም ተብሎ ተጠቅልሎ ጓዳ ይቀመጣል። እማማዎቻችንን አልቆጣም፤ ብርዱን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳ ላይ በሚያርፍ ፀሐይ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ደግሞ በመስኮት መስታወት በኩል አይሠራም። ገላው ተገልጦ ደጅ ነው።

ልጄ እጁ ላይ ወድቆ አብጦበታል። ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

መጀመሪያ ራጅ። የልጅ ግሮውዝ ፕሌት ከአጥንቱም ከጅማቱም ይሰንፋል፤ የጠቦቱን እግር አስታውሱ። «ወለምታ ነው» ተብሎ ከታሸ ፕሌቱ ሊዛነፍና አጥንቱ አጥሮ ወይም ጠሞ ሊያድግ ይችላል። በመቃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደግሞ ደም ይቋረጥበታል። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ እስከ ነገ አትጠብቁ።

ግሮውዝ ፕሌት መቼ ይዘጋል?

ሰው ላይ በጉርምስና ማብቂያ፣ ሴቶች ላይ ቀድሞ። እንዲዘጋ የሚያደርገው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ወንዶችም ላይ። አይጥ ላይ ግን እንደ እኛ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እድገቱ ይቀንሳል እንጂ መስመሩ ይቀራል። ከአይጥ ወደ ሰው ስትዘሉ ይህን አትርሱ።

በራሴ ዓይን ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። አጥንቱ በስሱ ከመቆረጡ በፊት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ካልሲየሙ ወጥቶለት መለስለስ አለበት፤ አለዚያ ምላጩ ይሰበራል። እኔ ተማሪ እያለሁ ቸኩዬ በሦስተኛው ቀን አወጣሁት። ምላጩ ተሸረፈ፣ ቁራጩ ተቀደደ፣ የቀረችው አንዷ ደግሞ ቀለም ሳጥብ ከመስታወቱ ተላቃ በቧንቧው ሄደች። ያን ሴሚስተር ሪፖርቴን የጻፍኩት በጓደኛዬ ስላይድ ነው።

ሳትቆርጡ ሙሉውን ማየት ከፈለጋችሁ አልሲያን ብሉ እና አሊዛሪን ሬድ የሚባሉ ሁለት ቀለሞች አሉ። ሥጋው ብርሃን እንዲያሳልፍ ከተደረገ በኋላ ካርቲሌጁ ሰማያዊ፣ አጥንቱ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አዲስ የተወለደች አይጥ እንደዚያ ተቀብታ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ስታዩ የእያንዳንዱ ረጅም አጥንት መሃል ቀይ፣ ሁለቱ ጫፍ ሰማያዊ ነው። ቀዩና ሰማያዊው የሚገናኙበት ጋ አይናችሁን አሳርፉ።